አንድ ደዌ በሁለት ስም፦ የከብት ውርጃና የጥጃ ሞት የምርምር ታሪክ

በአገራችን የከብት እልቂት ሲነሣ ወደ ሰው ኅሊና ፈጥኖ የሚመጣው ክፉ ቀን ነው። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ከምጽዋ ተነሥቶ ደጋውንና ቆላውን ሲያዳርስ፣ በሬው ከነቀንበሩ፣ ላሟ ከነጥጃዋ ወድቀው ስለ ቀሩ፣ ዘመኑ ስም ወጥቶለት ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲነገር ኖሯል። ያ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ በ2011 ሲታወጅም ለእንስሳት ሕክምና ሙያ ታላቅ የድል ቀን ሆኗል።

ይሁን እንጂ ከብትን የሚጎዳ በሽታ ሁሉ እንደ ደስታ በአደባባይ አይገድልም። ላሚቱን በሕይወት ትቶ በማሕፀኗ ያለውን ጽንስ ብቻ የሚወስድ፣ ወይም የተወለደውን ጥጃ ሳምንት ሳይሞላው የሚቀጥፍ ደዌም አለ። ይህ ደዌ አንዲቱን ላም ዛሬ፣ ሌላይቱን ከወር በኋላ ስለሚያስወርድ፣ ባለቤቱ አንዱን ውርጃ በድንጋጤ፣ ሁለተኛውን በውጊያ፣ ሦስተኛውን በክፉ ዓይን እያመካኘ ያልፈዋል። ጭንጋፉ ከበረት ወጥቶ ይጣላል፤ ቁጥሩም በማንም መዝገብ አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ስውር ጠላት እንዴት እንደ ታወቀ በአጭሩ ማውሳትና፣ መንገዱ ለምን ያን ያህል እንደ ረዘመ ማሳየት ነው። ታሪኩ በጥሞና ሲመረመር፣ ለመዘግየቱ ዋናው ምክንያት የመሣሪያ ማነስ እንዳልነበረ ይታያል። የሰው ሐኪምና የእንስሳት ሐኪም አንዱን ጠላት በሁለት ስም እየጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ያሳድዱት ነበር።

የማልታ ትኩሳት

በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል በምትገኘው በማልታ ደሴት የሰፈሩት የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ለሳምንታትና ለወራት እየተመላለሰ የሚያነድድ፣ ሌሊት በላብ የሚያጠምቅ፣ መገጣጠሚያን የሚያሳምም ትኩሳት ይይዛቸው ነበር። በሽታው የሚገድለው ጥቂቱን ቢሆንም፣ የሚያልጋው ግን እጅግ ብዙውን ነበር። በ1887 ዴቪድ ብሩስ የተባለው የጦር ሐኪም፣ በዚሁ ትኩሳት ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያ አበቀለ። ባክቴሪያው በማጉያ መሣሪያ ሲታይ ክብ ስለ መሰለው በክቦቹ ወገን መደበው። ይኸው ብሩስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1895፣ በደቡብ አፍሪካ በዙሉ አገር፣ እኛ ገንዲ የምንለውን በሽታ የሚያመጣውን ረቂቅ ተሕዋስ ያገኘ ሰው ስለሆነ፣ ስሙ ለሙያችን አባላት እንግዳ አይደለም።

የባክቴሪያው ማንነት ቢታወቅም፣ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። አየሩ፣ ውሃው፣ የፍሳሽ ጉድጓዱ በየተራ ተከሰሱ። በ1904 በብሩስ መሪነት ጥናቱን የሚያካሂድ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከአባላቱ አንዱ ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ነበር። ዛሚት በ1905 ፍየሎችን ለሙከራ ለማዋል ፈልጎ፣ አስቀድሞ ደማቸውን ሲመረምር፣ ገና ምንም ሳይደረግባቸው የአብዛኞቹ ደም ባክቴሪያውን ሲያጓጉል አገኘው። ጤነኛ የሚመስሉት፣ በየደጃፉ እየተነዱ ወተታቸው የሚታለበው ፍየሎች የበሽታው ጎተራ ሆነው ተገኙ። ምርመራው ሲሰፋ ከደሴቲቱ ፍየሎች እኩሌታው ያህል በሽታው እንደ ደረሰባቸው፣ ከአሥር አንዱ ያህልም ባክቴሪያውን በወተቱ እንደሚያወጣ ታወቀ።

በዚያው ዓመት ጆሹዋ ኒኮልሰን የተባለች መርከብ ወደ አሜሪካ የሚወሰዱ ስድሳ ያህል የማልታ ፍየሎችን ጭና ስትጓዝ፣ ጥሬ ወተታቸውን ከጠጡት መርከበኞች ብዙዎቹ በትኩሳቱ ወደቁ። ይህ ያልታሰበ ማስረጃ ክርክሩን ደመደመው። በ1906 የፍየል ወተት ለጦሩ እንዳይሰጥ ሲከለከል፣ በየዓመቱ በመቶ ይቆጠር የነበረው የታማሚ ወታደር ቁጥር በሁለት ዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሆነ። የደሴቲቱ ነዋሪ ግን ጥሬ ወተቱን መጠጣቱን አልተወም፤ በሽታውም ለብዙ ዓመታት ከሕዝቡ ጋር ኖረ። የዕውቀቱ ፍሬ መጀመሪያ የደረሰው ትእዛዝ ለሚፈጸምበት ሰፈር እንጂ ለእረኛው ቤት አልነበረም።

የኮፐንሃገኗ ላም

አሁን ታሪኩ ከፍየል ወደ ላም፣ ከማልታ ወደ ዴንማርክ ይሻገራል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የዴንማርክ ገበሬ ኑሮውን በቅቤና በወተት ላይ መሥርቶ ነበር። ውርጃ የገባበት በረት ግን ጥጃውንም ወተቱንም በአንድነት ያጣ ነበር። ነገሩ ከላም ወደ ላም እንደሚተላለፍ ገበሬዎችና ሐኪሞች ከጠረጠሩ ቆይተዋል፤ ማስረጃ የሰጠ ግን አልነበረም።

በኮፐንሃገን የእንስሳት ሕክምናና የእርሻ ኮሌጅ መምህር የነበረው በርንሃርድ ባንግ በትምህርቱ የሰው ሐኪም ሲሆን፣ በኋላ ወደ እንስሳት ሕክምና የተሻገረ ሰው ነበር። እርሱና ረዳቱ ቫልደማር ስትሪቦልት፣ ልታስወርድ የተቃረበች ላም ተገዝታ እንድትታረድ አደረጉ። ጭንጋፉ እስኪወድቅ ቢጠብቁ ኖሮ የበረቱ ቆሻሻ ባክቴሪያ ሁሉ ስለሚቀላቀልበት፣ ማሕፀኗን ሳይከፈት ወስደው በጥንቃቄ ከፈቱት። በማሕፀኑ ግድግዳና በእንግዴ ልጁ መካከል ብጫማ ፈሳሽ ተጋግሮ አገኙ፤ በፈሳሹም ውስጥ ሌላ ምንም ሳይቀላቀልበት አንድ ዓይነት ትንሽ ባክቴሪያ ብቻ ነበር። ሊያበቅሉት ሲሞክሩ በቱቦው ገጽም፣ በታችኛው ጥልቀትም አልበቅል ብሎ፣ ከገጹ ጥቂት ዝቅ ባለች አንዲት ቀጭን ሽፋን ብቻ በቀለ። ይህም ባክቴሪያው አየርን በተወሰነ መጠን ብቻ እንደሚሻ አመለከታቸው። ካበቀሉትም ለእርጉዝ ላሞች ሰጥተው ማስወረዳቸውን አረጋገጡ። ውጤቱ በ1897 ታተመ፤ በሽታውም በብዙ አገር የባንግ በሽታ ተብሎ ተጠራ።

ባንግ ያገኘውን ባክቴሪያ ዘንግ መሳይ ነው ብሎ በዘንጎቹ ወገን መደበው። የብሩስ ባክቴሪያ ከክቦቹ፣ የባንግ ከዘንጎቹ መዝገብ ገብተው ቀሩ። አንዱ በሰው ሕክምና መጽሔት፣ ሌላው በእንስሳት ሕክምና መጽሔት ይነበብ ነበር። የሚገርመው፣ አልምሮት ራይትና ባልደረባው የማልታ ትኩሳትን በደም ምርመራ የሚለዩበትን ዘዴ ያቀረቡት በዚያው በ1897 ነበር። ሁለቱን ባክቴሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያይ ሰው ግን ለሃያ ዓመት ያህል አልተገኘም።

የአሊስ ኢቫንስ ጥያቄ

ያ ሰው በአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር የወተት ክፍል ትሠራ የነበረችው አሊስ ኢቫንስ ናት። ከጤነኛ ላም ጡት በቀጥታ በታለበ ወተት ውስጥ የሚገኙትን ባክቴሪያዎች ስታጠና፣ የባንግን ባክቴሪያ ከብሩስ ባክቴሪያ ጋር በልዩ ልዩ ፈተና አስተያየቻቸው፤ በተራ ምርመራም ሊለዩ የማይችሉ የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው አገኘቻቸው። ውጤቷን በ1917 ለአሜሪካ የባክቴሪያ ሊቃውንት ማኅበር አቀረበች፤ በ1918ም ታተመ። ከውጤቱ ጋር ያነሣችው ጥያቄ ቀላል፣ ግን ከባድ ነበር፦ የላም ጥሬ ወተት ለሰው የማልታ ትኩሳትን የመሰለ በሽታ አያስተላልፍምን?

ጥያቄው በደስታ አልተቀበለውም ማንም። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ባስተዋለው ነበር ተባለ፤ የዶክትሬት ማዕረግ የሌላት ሴት መሆኗም በግልጽም በስውርም ተቆጠረባት፤ የወተት ነጋዴዎችም ገበያችንን የሚጎዳ ነው ብለው ተቃወሙ። ከሊቃውንቱ መካከል ዋናው ተጠራጣሪ ቴኦባልድ ስሚዝ ነበር። ስሚዝ መዥገር በሽታን ከከብት ወደ ከብት እንደሚያስተላልፍ በ1893 ከባልደረባው ጋር ያስረዳ፣ የላምን የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ከሰው በ1898 የለየ፣ በዘመኑ ወደር የሌለው ተመራማሪ ስለ ነበረ፣ የእርሱ ጥርጣሬ የብዙዎችን ጆሮ ደፈነ።

የሆነ ሆኖ ማስረጃው ከየአቅጣጫው ይጠራቀም ጀመር። በ1920 በካሊፎርኒያ ካርል ማየርና የሥራ ባልደረባው የኢቫንስን ግኝት አጸኑ፤ ሁለቱን ባክቴሪያዎች በአንድ ወገን ሰብስበውም በብሩስ ስም ብሩሴላ እንዲባሉ ሐሳብ አቀረቡ። በአፍሪካችንም በደቡብ ሮዴዢያ የእንስሳት ሐኪም የነበረው ቤቫን፣ ፍየል በሌለበት የሚታየው የሰው ትኩሳት ከከብት ውርጃ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል በ1922 ጻፈ። በ1924ም የፍየል ወተት ያልቀመሰ ታማሚ በአሜሪካ መገኘቱ ተገለጸ።

ኢቫንስ ራሷ በ1922 በቤተ ሙከራዋ በዚሁ ባክቴሪያ ተለከፈች፤ ሕመሙም እያገረሸ ከሃያ ዓመት በላይ አሠቃያት። የደከመችው አካሏን የሚያዩ ሐኪሞች ሕመምሽ የመንፈስ ነው እስከ ማለት ደርሰው ነበር። ሆኖም በ1928 ያ የባክቴሪያ ሊቃውንት ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት አድርጎ መረጣት፤ ወተትን በሙቀት አምክኖ መሸጥም በአገሯ እየተስፋፋ ሄደ። ብሩስ ባክቴሪያውን ካገኘ እስከ ኢቫንስ ጽሑፍ መታተም ድረስ 31 ዓመት አልፏል። በነዚያ ዓመታት ጥሬ ወተት የጠጣውና እንግዴ ልጅ በባዶ እጁ ያወጣው ሰው ስንት እንደሆነ የቆጠረው የለም።

ክትባቱና ዘመቻው

ሁለተኛው ጉዞ መከላከያ ፍለጋ ነበር። በ1923 በአሜሪካ ጆን ባክ ከአንዲት የጀርሲ ላም ወተት ያገኘውን ባክቴሪያ አብቅሎ አስቀመጠ። ዘሩ በክፍሉ ሙቀት ከአንድ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቶ ሲመረመር ጉልበቱ ደክሞ፣ ከብትን የማያሳምም ግን የሚያስታጥቅ ሆኖ ተገኘ። በተራ ቁጥሩ 19 የተባለው ይህ ዘር በ1930 ለዓለም ተገለጸ፤ ለጊደሮችም በጥጃነታቸው የሚሰጥ ክትባት ሆነ።

የድክመቱ አንድ ገጽታ የተገለጠው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1962 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በእርጉዝ ላም እንግዴ ልጅ ውስጥ ኤሪትሪቶል የተባለ የስኳር ዓይነት በብዛት እንደሚገኝ፣ ባክቴሪያውም ይህን ስኳር ከሌላው ምግብ ሁሉ አብልጦ እንደሚወድ አስረዱ። ባክቴሪያው ለምን ወደ ማሕፀን እንደሚሮጥና ላሟ ለምን ከአምስተኛው ወር በኋላ እንደምታስወርድ ለመረዳት ይህ ትልቅ በር ከፈተ። ዘር 19 ግን በዚህ ስኳር ፊት ማደግ ይሳነዋል።

ክትባቱ ያለ ነቀፋ አልቀረም። ለእርጉዝ ላም ከተሰጠ ሊያስወርድ ይችላል፤ በመርፌ የተወጋ ሐኪምን ያሳምማል፤ የተከተበችውንና የታመመችውን ላም በደም ምርመራ ለመለየት ያስቸግራል። ይህን የመጨረሻውን ችግር ለማቃለል ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ አር ቢ 51 የተባለ ሌላ ዘር በሥራ ላይ ውሏል፤ ነገር ግን እርሱም በጥሬ ወተት በኩል ሰውን መልከፉ ታውቋል።

የሰሜን አውሮፓ አገሮች በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ በሽታውን ከከብቶቻቸው ያጠፉት በክትባት ብቻ አይደለም። ደም እየመረመሩ የታመመችውን ላም አስወገዱ፤ ለባለቤቱም ካሣ ከፈሉ። በ1937 በጀርመን የተገኘው የወተት ቀለበት ምርመራም ረዳቸው፤ በዚህ ዘዴ ከመንደሩ ሁሉ የተሰበሰበውን ወተት በአንድ ጊዜ መርምሮ የተጠረጠረውን በረት መለየት ተችሏል። ይህ ሁሉ የተሳካው ገበሬው ላሙን ሲያጣ ኑሮውን እንደማያጣ ስለ ተረጋገጠለት ነው።

ሌሎቹ አስወራጆች

የባንግ ግኝት ትልቅነት አንድ እንቅፋት ወለደ፤ ውርጃ ሁሉ የባንግ በሽታ ነው ወደ ማለት ተደረሰ። ይህን ያረመው ስሚዝ ነበር። በ1918 የባንግ ባክቴሪያ ካልተገኘባቸው ጭንጋፎች ጠመዝማዛ ባክቴሪያ አውጥቶ አሳየ፤ ዛሬ ካምፒሎባክተር የምንለው ነው። በ1920ዎቹም ትሪኮሞናስ የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ የላም ማምከኛና ማስወረጃ መሆኑ ታወቀ። ሁለቱም በኮርማው በኩል ስለሚተላለፉ፣ ከ1936 ጀምሮ በዴንማርክ ሳምሶ ደሴት በኅብረት ሥራ የተጀመረው ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ፣ ኮርማው እየተመረመረ በተሠራበት አገር ሁሉ አመናምኗቸዋል።

በ1946 በአሜሪካ የተገለጸው የከብት የቫይረስ ተቅማጥ ደግሞ ሌላ ረቂቅ ጠባይ አለው። ቫይረሱ ጽንሱን በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ካገኘው፣ የሚተርፈው ጥጃ ቫይረሱን እንደ ራሱ አካል ተቀብሎ ዕድሜ ልኩን ሲዘራው ይኖራል። ኒዮስፖራ የተባለው ተሕዋስ በ1988 ስም ተሰጠው፤ ውሻ ዕንቁላሉን በእበቱ እንደሚያወጣ በ1998 ታወቀ። እንግዴ ልጅንና ጭንጋፍን ለውሻ መጣል በሽታን መልሶ ወደ ግጦሽ መዝራት እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

እንገርና ጥጃ

ስለ ውርጃ ሲጻፍ የጥጃው ሞት ብዙ ጊዜ በሌላ ምዕራፍ ይቀመጣል። የሁለቱ ታሪክ ግን ከአንድ ቤት የወጣ ነው። የባንግ ባልደረባ የነበረው ካርል ኦሉፍ የንሰን በ1893 የጥጆች ተቅማጥ ከአንጀት ባክቴሪያ ጋር እንደሚያያዝ ጻፈ። ፈረንሳዊው ኤድሞን ኖካር በአየርላንድ ጥጆችን ይጨርስ የነበረውን ነጭ ተቅማጥ በ1901 ሲያጠና፣ በሽታው ባልደረቀ እትብት በኩል እንደሚገባ ተናገረ። ሆኖም ያው የአንጀት ባክቴሪያ በጤነኛውም ጥጃ ሆድ ይገኛልና፣ አንዱ ሞቶ ሌላው ለምን ይተርፋል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

መልሱን የሰጠው ያው ቴኦባልድ ስሚዝ ነው። በ1922 ከባልደረባው ጋር ለከፊሎቹ ጥጆች እንገር ሰጥተው፣ ከከፊሎቹ ከለከሉ። እንገር ያገኙት ኖሩ፤ ካላገኙት አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ሞቱ። የላም እንግዴ ልጅ የእናትን የመከላከያ ኃይል ወደ ጽንሱ ስለማያሳልፍ ጥጃ ባዶ እጁን ይወለዳል፤ ትጥቁ የሚመጣለት በእንገር ነው። አንጀቱም ይህን ኃይል እንዳለ የሚያሳልፈው በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ሲሆን፣ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ በሩ ይዘጋል። በ1969 በአሜሪካ ነብራስካ የተገኘውን ሮታ ቫይረስ የመሳሰሉ የተቅማጥ ምክንያቶች ቢጨመሩም፣ የእንገር ፍርድ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ከጥሬ ወተት አደጋ ዓይኑን የመለሰው ሰው፣ የእንገርን በረከት ለዓለም የገለጠ መሆኑን ስናይ፣ ሊቅነት በአንድ በር አይቶ በሌላው ሊሳሳት እንደሚችል እንረዳለን።

በእኛ በረት

ይህ ሁሉ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች የተደረጉ የደም ጥናቶች የውርጃ በሽታ መኖሩን አሳይተዋል፤ መጠኑም ጥቂት ላሞች ባሉት የደጋ ገበሬ ቤት ዝቅ ብሎ፣ መንጋ ከመንጋ በሚቀላቀልበት በአርብቶ አደሩ ዘንድ ከፍ ይላል። ጥሬ ወተት መጠጣትና እንግዴ ልጅን በባዶ እጅ ማውጣት የተለመደ ነው። ትኩሳቱ የወባና የታይፎይድ መልክ ስላለው፣ ታማሚው ለአንዱ ወይም ለሌላው መድኃኒት እየወሰደ ወራት ያሳልፋል። ላሟ አንድ ጊዜ አስወርዳ በሚቀጥለው በደህና ስትወልድ ዳነች ይባላል፤ ባክቴሪያው ግን በወሊዷና በወተቷ ሊወጣ ይችላል።

የሰሜን አውሮፓን ዘመቻ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም። አንዲት ላም ያለችውን እናት ላምሽ ታማለችና ትታረድ ብሎ፣ ምትክ ሳይሰጡ መሄድ ሕክምና አይባልም። ዛሬውኑ በእጃችን ያለው ግን ጥቂት አይደለም። ጭንጋፍና እንግዴ ልጅ በእጅ ሳይነካ በጥልቅ እንዲቀበር፤ ያስወረደች ላም ከሌሎቹ እንድትለይ፤ ወተት ተፈልቶ እንዲጠጣ፤ ለጥጃው በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንገር እንዲደርሰው ማስተማር ይቻላል። ለቤተ ሰብ የሚታለበውም እንገር ጥጃው ከጠገበ በኋላ ይሁን።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን የመዝገብ አንድነት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በአንድ ቀበሌ ውርጃ ሲበዛ ለጤና ጣቢያው ቢያስታውቅ፣ ጤና ጣቢያውም ወባ ያልተገኘበትን፣ ከወር ወር የሚመላለስ ትኩሳት ያለበትን ሰው ከብት አለህ ወይ፣ ወተት እንዴት ትጠጣለህ ብሎ ቢጠይቅ፣ በማልታና በኮፐንሃገን መካከል 31 ዓመት የወሰደው መንገድ በአንድ ወረዳ ውስጥ በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። ሁለቱ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት በአንድ ከተማ፣ አንዳንዴም በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ነው። ማኅበራችን ሊያስብበት የሚገባው፣ ያን መንገድ አቋርጦ የሚሄደውን ወረቀት ማን እንደሚጽፍና ማን እንደሚቀበል ነው።